ቀጪው እዚህ፣ ተቀጪው ሌላ አገር

የምሠራው አንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር ውስጥ፣ በሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ነው። ተቆጣጣሪዎች ሳይት ወርደው የጣሉትን ቅጣት ማስከፈል የእኛ ድርሻ ነው። ድርጅቱ የአገር ውስጥ ከሆነ ብዙም አያስቸግርም። ከሌላ አገር ሠራተኞቹን ይዞ መጥቶ፣ ሥራውን ጨርሶ የሚሄድ ሲሆን ግን ጣጣው ብዙ ነው።

ከሁሉም የማይረሳኝ የቦይ አደጋው ነው። አንድ የውጭ ንዑስ ተቋራጭ ቱቦ ለመቅበር ከሰው ቁመት በላይ የሚጠልቅ ቦይ ያስቆፍራል። አፈሩ ተናደና አንዱን ሠራተኛ እስከ ደረቱ ቀበረው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። ጭንቅላት ከላይ ቢቀር እንኳ ደረትን ጨምቆ ትንፋሽ ያሳጣል። ጓደኞቹ በእጃቸው ጭረው ደረሱለት፤ የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ በሕይወት ተረፈ። ፎቶው ላይ የግድግዳው መደገፊያ ብረቶች ከቦዩ አጠገብ ተደርድረው ይታያሉ። እዚያው ነበሩ፤ ያስገባቸው ሰው ግን የለም። ፋይሉን ሳነብ ደሜን ያፈላው ይኼ ነው።

ቅጣቱ ሲወሰን ድርጅቱ ዕቃውን ጭኖ አገሩ ገብቷል። ኅብረቱ ለዚህ መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው መመሪያ፣ ለጊዜው ወደ ሌላ አባል አገር የሚላኩ ሠራተኞችን ደንብ በመጣስ የተጣለን አስተዳደራዊ ቅጣት የድርጅቱ አገር ባለሥልጣን እንዲያስከፍል ያደርጋል። ከ350 ዩሮ በታች ከሆነ ግን እምቢ ማለት ይችላል። ጥያቄው የሚላከው አይኤምአይ በሚባለው የመረጃ መለዋወጫ ሥርዓት ነው።

ላክን። ተመለሰብን።

ስለ ጥፋቱ ክርክር አላነሱም። "ውሳኔው ለድርጅቱ መድረሱን አሳዩን" ነው ያሉት። ፋይሉ ውስጥ ያለው ሳይት ላይ ፎርማኑ የፈረመበት አንድ ወረቀት ነው። ስሙ አይነበብም፣ ማኅተም የለውም። ድርጅቱም "የደረሰን ነገር የለም" ብሏል። አንዳንድ ባልደረቦቼ "ቢሮክራሲ ነው" ብለው ተናደዱ። እኔ በዚህ አልስማማም። መቀጣቱን ሳያውቅ፣ ይግባኝ የማለት ዕድል ሳያገኝ ማንም መክፈል የለበትም። መመሪያውም የመከላከል መብት ካልተከበረ ጥያቄውን ውድቅ ማድረግ ይፈቅዳል።

መፍትሔው እዚያው ፋይል ውስጥ ተገኘ። መመሪያው አገሮች ከውጭ የሚመጣ ድርጅት ሰነድ የሚቀበልለት ተጠሪ እንዲሰይም እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ይኼም ድርጅት ከመምጣቱ በፊት ባስገባው ቅጽ ላይ ተጠሪውን ሰይሟል፤ ቅጹን ግን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ውሳኔውን ለተጠሪው እንደገና አደረስን። የአገሩ ባለሥልጣንም በዋናው መሥሪያ ቤት አድራሻ እንዲያደርስልን ጠየቅን። የይግባኝ ጊዜው እንደ አዲስ ተቆጠረ፤ ይግባኝ ሳይባልም አለፈ። ሁለተኛው ጥያቄያችን ተቀባይነት አግኝቶ ቅጣቱ ተከፈለ።

ገንዘቡ እኛ ጋ አይመጣም፤ ላስከፈለው አገር ነው የሚሆነው። "ታዲያ ለሰው ካዝና ምን አለፋን?" የሚል ቢሯችን ውስጥ አይጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ ድርጅት በሚቀጥለው የሚያስቆፍረው ቦይ ነው። ብረቱ ከውጭ ተደርድሮ ሰው ወደ ጉድጓድ ማውረድ አገሩ ድረስ ተከትሎ እንደሚያስጠይቀው ማወቅ አለበት።

አሁን ተቆጣጣሪዎቻችን ገና በመጀመሪያው ጉብኝት የንግድ ምዝገባ ቁጥሩን፣ ዋናውን አድራሻና የተጠሪውን ስም ይዘው ይመለሳሉ። ውሳኔን ለፎርማን ሰጥቶ መምጣት ቀርቷል።