ከቤንዚን ፓምፑ ሥር የወጣው ዘይት

ለገጣፎ ግቢያችን ውስጥ ከአባቴ ቮልስዋገን ሥር የዘይት ጠብታ ካየሁ ሳምንት ሆነኝ። አንድ መካኒክ «የክራንክ ሻፍቱ ሲል (የዘይት ማገጃ ቀለበቱ) ነው፤ ሞተሩ መውረድ አለበት» ብሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት ራሴ ልየው ብዬ ሞተሩን በነጭ ጋዝ አጠብኩት፤ በደንብ ከደረቀ በኋላ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩበትና አስነሣሁት።

ዐሥር ደቂቃ አልሞላም። በነጩ ዱቄት ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ከቤንዚን ፓምፑ እግር ወደ ታች ወረደ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ!

ፓምፑን የሚያሠራው ከሞተሩ ውስጥ ወጣ ገባ የሚል አጭር ዘንግ ነው፤ ዘይትም ዘንጉን ተከትሎ ይመጣል። የሚያግደው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ከፓምፑ ሥር የሚገባው ስስ ማሸጊያ ብቻ ነው። እኔ የፈራሁት ግን ዲያፍራሙ (ፓምፑ ውስጥ ቤንዚኑን የሚገፋው ስስ ሽፋን) ተቀዶ እንዳይሆን ነበር፤ ያኔ ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ይቀላቀልና ሞተሩን ይበላዋል። የዘይት መለኪያውን መዝዤ ደጋግሜ አሸተትኩት። የቤንዚን ሽታ የለውም፤ ተመስገን።

ሁለቱን ዳዶዎች በ13 ቁልፍ ፈትቼ ፓምፑን ሳነሣው ጓርኒሲዮኑ እንደ ደረቀ ቅጠል እጄ ላይ ተሰባበረ። ነገ በጠዋት ጓርኒሲዮን ልገዛ ሶማሌ ተራ ነኝ፤ ከፓምፑ ሥር አንድ፣ ፓምፑ ከሚያርፍበት ጥቁር መቀመጫ ሥር ሌላ፣ ሁለቱንም አዲስ አደርጋለሁ።