አምፑ ስፒከሩን ሲያጣ

ስቱዲዮአችን ያለው ከአንድ ክሊኒክ በላይኛው ፎቅ ላይ ነው። እነሱ የሰው ልብ ምት ያዳምጣሉ፣ እኛ ጊታር እንቀዳለን። ስለዚህ ሎድቦክስ፣ ማለትም በስፒከር ፈንታ ከጊታር አምፑ (አምፕሊፋየሩ) ጋር የሚገናኝ ድምፅ የማያወጣ ሳጥን፣ ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

«አምፑን ዝቅ አድርጋችሁ ቅዱ» የሚለን ሰው ብዙ ነው። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ጊታሪስት፣ እህታቸው ከቨርጂኒያ ያመጡላቸው ፌንደር ደሉክስ ሪቨርብ የሚባል የቲዩብ አምፕ አላቸው። 22 ዋት ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ጥሩ የጊታር ስፒከር በ1 ዋት ብቻ፣ 1 ሜትር ላይ ወደ 100 ዴሲቤል ይሰጣል። በ22 ዋት 110ን ያልፋል። ኃይሉን ወደ 2 ዋት ብታወርዱት እንኳ ለጆሮ የሚቀንሰው በግማሽ ገደማ ነው። ደግሞ ጋሼ የሚወዱት ድምፅ የሚመጣው ቮልዩሙ 6 ወይም 7 ላይ ሲደርስና ቲዩቦቹ (ድምፁን የሚያጎሉት የመስታወት አምፖል መሳይ ዕቃዎች) ሲጨናነቁ ነው። አንቺሆዬን በዚያ ድምፅ ሲጫወቱ ተጠጋግተው ያሉት ኖታዎች እርስ በርስ ይፋጫሉ። እኔ ለዚያ ድምፅ ስል ሥራዬን እወዳለሁ።

ሎድቦክሱ ከአምፑ የስፒከር መውጫ የሚመጣውን ኃይል ተቀብሎ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ትንሽ ቆንጥሮ ለሳውንድ ካርዱ ይልካል። የእኛው ሪአክቲቭ የሚባለው ነው። ስፒከር «8 ኦም» ቢባልም (ኦም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መለኪያ ነው) ቁጥሩ አንድ ቦታ አይቆምም። ባሱ ላይ፣ 100 ኸርዝ አካባቢ፣ ከፍ ይላል። ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲሄድም እንደገና ይወጣል። ሪአክቲቩ ይህን ጠባይ ለአምፑ ያሳየዋል። ሬዚስተር ብቻ ያለበት ሳጥን ላይ ጊታሩ እጅ ላይ ይደርቃል። የካቢኔቱንና (የስፒከሩን ሣጥን) የማይኩን ድምፅ ኮምፒውተሩ ላይ በአይአር፣ ማለትም የእነሱን የድምፅ ጠባይ በያዘ ፋይል፣ እንጨምራለን። ያለ እሱ እንደ ንብ መንጋ ነው የሚጮኸው።

አንድ ቀን ጋሼን ስንቀዳ ቀረጻው ላይ ሀም፣ ያ የኤሌክትሪክ እምምታ፣ ገባ። እኔ ስለ ጄኔሬተሩ ለመነጋገር ወጣ ብዬ ነበር። ረዳታችን ሎድቦክሱን ጠረጠረ። ዕቃውን አንድ በአንድ እየነጠሉ መፈተሽ ትክክለኛ አካሄድ ነው። ግን አምፑ እንደበራ ኬብሉን ከሎድቦክሱ ነቅሎ ሳውንድ ካርዱ ላይ ሰካው። ጃኩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል። ጋሼ አንድ ኮርድ መቱ። የተሰባበረ ጩኸት ወጣ።

«ጋሼ፣ ሌቭሉ በዝቶ ነው መሰለኝ፤ እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ።»

ደገሙት። ጠሽ አለና ጸጥ።

ስመለስ ክፍሉ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸት ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርነው 220ውን ወደ 110 የሚያወርደውን ትራንስፎርመር ነው። እሱ ደህና ነበር። የአምፑን ፊውዝ ብንቀይር አዲሱም ወዲያው ሄደ። ጠጋኙ ከፍቶ ለካው፤ ከቲዩቦቹ ወደ ስፒከሩ ኃይል የሚያሻግረው የአውትፑት ትራንስፎርመር ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ተገናኝቷል። የአንዱ ቲዩብ መሰኪያም ጠቁሯል። የሳውንድ ካርዱ መግቢያም አብሮ ሄዷል።

ቲዩብ አምፕ ኃይሉን የሚጥልበት ነገር ይፈልጋል። ያ 8 ኦም ሲጠፋ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለው ኃይል መሄጃ ያጣል፤ ቲዩቦቹ በኩል ያለው ቮልቴጅ ከሺህ በላይ ይዘላል። የሳውንድ ካርድ መግቢያ በሺህ የሚቆጠር ኦም ስላለው ለአምፑ እንደሌለ ነው። የሚቆጨኝ ደግሞ፣ ብዙ የፌንደር አምፖች ለዚህ መከላከያ አላቸው። ኬብሉን ከአምፑ በኩል ብትነቅሉት ጃኩ ራሱ መውጫውን ሾርት ያደርገዋል፤ ለጥቂት ጊዜ ከባዶው ይሻላል። ልጁ የነቀለው ከሌላኛው ጫፍ ነው። አምፑ ላይ ፕለግ ስለነበረ መከላከያው አልሠራም።

አልተቆጣሁትም። ያደገው በትራንዚስተር አምፕ ነው፤ እዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ያለ ስፒከር ቢቆይ ምንም አይሆንም፣ የሚጎዳው ሾርት ሲሆን ነው። ቲዩብ ሌላ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም።

ትራንስፎርመሩ ከአሜሪካ በሰው መጣ፤ ወጪውን ስቱዲዮው ቻለ። የሀሙ ምክንያት ግራውንድ ሉፕ ነበር፤ ዕቃዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ከግራውንድ ጋር ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። ሎድቦክሱ ላይ ግራውንድ ሊፍት የምትባል ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ስንጫናት ጠፋ። የአምፑን የኤሌክትሪክ ገመድ ግራውንድ የሚቆርጡ ሰዎች አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት፤ ሰው ይገድላል።

አሁን ከአምፑ ወደ ሎድቦክሱ የሚሄደው ኬብል ቀይ ነው። አጭር የስፒከር ኬብል ነው። በ22 ዋትና በ8 ኦም 1.7 አምፔር ገደማ ያልፍበታል፤ የጊታር ኬብል ቀጭን ሽቦ ለዚያ አልተሠራም። ቀዩን ለመንካት መጀመሪያ አምፑ ይጠፋል። ከማብራታችን በፊትም የአምፑና የሎድቦክሱ ኦም መግጠሙን እናያለን።

ጋሼ ሎድቦክሱን ሆቴል ሲጫወቱም ይዘውት ይሄዳሉ። ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ይገባል፤ የዘፋኟ ማይክ ጊታር አይለቅምም፣ እንግዳውም ሳይጮህ ያወራል። የሚሰካላቸው ረዳታችን ነው። ቅሬታቸው አንድ ነው። ኖታ ይዘው ሲቆዩ ከስፒከሩ ተመልሶ ክሩን የሚያነቃው ንዝረት የለም። ልክ ናቸው፤ ሎድቦክስ ያን አይሰጥም። እንደዚያ ያለ ሶሎ ሲኖር እሑድ ከሰዓት፣ ሕንጻው ባዶ ሲሆን፣ በስፒከሩ እንቀዳዋለን።