በፈረስ ከዲንሾ እስከ ሰነቴ

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በፈረስ ለመጓዝ የሚያስብ ሰው አብዝቶ የሚጨነቀው ስለ ግልቢያ ችሎታው ነው። እኔ ግን ከዲንሾ ተነሥተን የዌብን ሸለቆ አቋርጠን ወደ ሰነቴ አምባ በወጣንበት ጉዞ የተረዳሁት፣ ውሳኔን ለፈረሱና ፈረሱን ላሳደገው ሰው መተው ከችሎታ እንደሚበልጥ ነው።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። በዲንሾ የመግቢያ ክፍያ ይፈጸማል፣ አስጎብኚ ይያዛል፣ ፈረሶቹም ከነባለቤቶቻቸው ይቀርባሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት መንገዱ የሚደርቅበት በመሆኑ ተመራጭ ቢሆንም፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚቀዘቅዝ ወፍራም የመኝታ ልብስ የግድ ያስፈልጋል።

አብረውን የተጓዙት ከልጅነታቸው ጀምሮ በፈረስ ከብት ሲጠብቁ የኖሩ የአካባቢው ኦሮሞዎች ነበሩ። ማለዳ ከማናቸውም ሥራ በፊት የአጋሰሶቹን ጀርባ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ፤ እብጠት ወይም መላላጥ ካገኙ ጭነቱን ወደ ሌላ ፈረስ ያዛውራሉ። የግራና የቀኙ ጭነት ካልተመጣጠነ እየተንሸራተተ ጀርባውን ስለሚያቆስለው፣ ሻንጣዎቻችንን ፈትተው እንደ አዲስ ያከፋፍሉት ነበር።

የዌብ ሸለቆ ከሩቅ ሲታይ ለግልቢያ የተዘጋጀ ሜዳ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሣሩ ሥር ያለው መሬት በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኘው ግዙፍ ፍልፈል በቆፈራቸው ጉድጓዶች የተቦረቦረ በመሆኑ፣ በዚያ ላይ የሚጋልብ ፈረስ ድንገት ቢሰምጥ እግሩ ሊሰበር ይችላል። መሪያችን የነበሩት አዛውንት ልጓሙን እንዳላላ ደጋግመው መከሩኝ፤ «ተወው ልጄ፣ እሱ ያያል» አሉኝ። ልጓሙ ሲላላለት ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንዳንዴም መሬቱን እያሸተተ፣ ለእኔ ዓይን ጠንካራ የሚመስለውን ቦታ ዞሮ ያልፍ ጀመር።

ይኸው ፍልፈል የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በእነዚህ ተራሮች ሲሆን፣ በከብቶች መካከል ሆነው ሲያድኑም ይታያሉ። ሰዎችም ፍልፈሉን ይመገቡት እንደነበር፣ በዚሁ ሸለቆ በፊንጫ ሀበራ የዋሻ መጠለያ የተገኙት ከ30,000 ዓመታት በላይ ዕድሜ ያላቸው የተቃጠሉ አጥንቶች ያስረዳሉ። ይህን እያሰቡ በዚያ ማለፍ ለእኔ ከጉዞው ሁሉ የላቀው ደስታ ነበር።

ሰነቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከዚያው የሚነሣው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ራስ ምታት የጀመረው መንገደኛ ከመውጣት ታቅቦ ማረፍ፣ ካልተሻለው ወደ ታች መውረድ ይኖርበታል። በቀጥ ያለ ቁልቁለት ባለፈረሶቹ ራሳቸው ከኮርቻ እየወረዱ ፈረሱን ይስቡ ነበር፤ የጋላቢው ክብደት በፊት እግሮቹ ላይ ስለሚያርፍ እኛም እንደ እነርሱ አደረግን። የማደሪያውንም ቦታ የሚመርጡት በሣሩና በውኃው እንጂ በተጓዝነው ርቀት አልነበረም፤ ፈረሶቹ ሳይመሽ መጋጥ ስላለባቸው፣ ገና ፀሐይ ሳለች ኮርቻ ያወረድንባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።