የሌላ ሰው ባትሪ

ድሬዳዋ ውስጥ የሚቀርቡት ሰው በድንገት «እርስዎ» ማለት ከጀመረ ነገር አለ ማለት ነው። የዚህ ከተማ ሰው ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» ብሎ የሚጠራ በመሆኑ፣ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ያን ቀን ጠዋት ከመነጽሩ በላይ እያየኝ «እርስዎ ግን ምን ነካዎት?» ሲለኝ፣ የተባባሪ ፕሮፌሰርነቴ ነገር እንዳበቃለት ገባኝ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀቶች ነበሩ። ሁለቱም የአንድን ተመራማሪ ጽሑፎችና ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚዘረዝረው የጉግል ስኮላር ገጼ ቅጂዎች ሲሆኑ፣ የጣሪያው ቬንትሌተር እንዳይበትናቸው የቁልፍ ዘለላ ተጭኖባቸዋል። ከማመልከቻዬ ጋር ያያያዝኩት ኤች ኢንዴክሴን፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ቢያንስ ያንኑ ቁጥር ያህል ጊዜ በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሱ ሥራዎቼን ብዛት፣ 12 ይላል፤ ኮሚቴው ለማጣራት ያተመው ደግሞ 4። በመካከሉ ያለፈው ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር።

የውጭ መጽሔቶች የአባታችንን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው የእኛን በአንድ ፊደል ስለሚያስቀሩት፣ እኔና አንድ የማላውቀው የሊቲየም ባትሪ ተመራማሪ በወረቀት ላይ አንድ ሰው ሆነን ነበር። ገጼ አዳዲስ ጽሑፎችን በራሱ እንዲጨምር ፈቅጄለት ስለነበር፣ የሰውየውን 11 ጽሑፎች አንድ በአንድ ለቅሞ አስገባልኝ። የእኔዎቹ 7 ናቸው፤ ሁለቱ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የቀሩት ከድሬ እስከ አይሻ ስላለው የነፋስ ኃይል። የተጠቀሱትም 41፣ 12፣ 9፣ 5፣ 3፣ 2 እና 0 ጊዜ ነው። አምስተኛው አምስት ጊዜ ስላልተጠቀሰ ቁጥሩ 4 ላይ ይቆማል። ይህን ስሌት በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የፊዚክስ ሊቅ ሆርሄ ሂርሽ፣ ቁጥሩ ከሙያ መስክ ወደ ሙያ መስክ እንደሚለያይ ያኔውኑ ጽፎታል። የባትሪን ጽሑፍ በየአህጉሩ ያለ ቤተ ሙከራ ይጠቅሰዋል፤ የምጣድን የሙቀት ብክነት ግን እንጀራ ከሚበላው ሰው በቀር ማን ብሎ ይጠቅሰዋል?

ባትሪዎቹን ያወጣኋቸው ራሴ ነኝ። አንድ የውጭ አገር ተማሪ የኤሌክትሮዱ ዱቄት በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት እንደተጋገረ በኢሜይል ጠየቀኝ። እኔ መጋገር የማውቀው በምጣድ ነው። አፍሬ በዚያው ሌሊት 11ዱንም ሰረዝኳቸው። ከዚያ በፊት ግን ቁጥሩ ሲያድግ ከሁለት ወር በላይ ዝም ብዬ ማየቴን፣ ማመልከቻውንም እያወቅሁ በዚያው ቁጥር ማስገባቴን ለኮሚቴው አልተናገርኩም።

ለሰብሳቢው ያቀረብኩት ክርክር ሌላ ነበር። «የነፋስ መለኪያ በሰከንድ 6 ሜትር የሆነውን 7 ብሎ ቢያነብ፣ ኃይሉ ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ ስሌታችን 59 በመቶ ያህል ይጋነናል። ታዲያ ቁጥሩ አማረ ተብሎ ይተዋል?»

«አይተውም» አለኝ፣ ቁልፎቹን ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው እያሻገረ። «ግን የነፋስ መለኪያው የደረጃ ዕድገት አይጠይቅም። እርስዎ ወይ አርመው ማመልከት፣ ወይ ካመለከቱ በኋላ አለመንካት ነበረብዎ። አሁን እኛ መዝገብ ላይ ሁለት ሰው ሆነዋል።»

እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ከዚያ ይልቅ የከነከነኝ፣ በስተግራው ተቀምጠው «የምሁር ሐቀኝነት» እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ የነበሩት የኮሚቴ አባል ናቸው፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆነው ሳለ ገጻቸው ላይ ስለ በቆሎ ተባይ የተጻፈ ጽሑፍ አለ፤ የተጠቀሰበት ብዛትም ደህና ነው። ትናንት ማታ ሳየው አሁንም አልወጣም።

ማመልከቻዬ ለዓመት ተላለፈ። በዓመቱ ያ 3 ጊዜ ብቻ ተጠቅሶ የነበረው የምጣድ ጽሑፍ 5 ስለደረሰ፣ ኤች ኢንዴክሴን 5 አድርሼ እንደገና ቀረብኩ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ከቁልፎቹ ሥር ሸጎጥ አድርጎ «ሁለቱን ማን ጠቀሰህ?» አለኝ። «ጠቀሰህ» ማለቱ ልቤን አሳረፈው።

«አንዱን የድኅረ ምረቃ ተማሪዬ፣ ሌላውን እኔው ራሴ» አልኩት።

«ይሁን፤ ይሄ እንኳ የራስህ ነው» ብሎ ፈረመ።