ፎስተር ልጅ ቤት ሲገባ መቀስ አታንሱ

አሜሪካ ውስጥ ፎስተር ልጅ (መንግሥት ከወላጆቹ ወስዶ ለጊዜው በሌላ ቤት እንዲያድግ የሚሰጠው ልጅ) ለሚቀበሉ አበሾች የመጀመሪያው ምክራችን ይህ ነው። ልጅቷ ፀጉሯ ተንጨባርሮ ብትመጣ ልባችን የሚያርፈው አጥበን አስተካክለን ስናያት ነው። ግን የወላጅነት መብት በፍርድ ቤት እስካልተቋረጠ ድረስ ፀጉር መቁረጥ፣ ማቅለም፣ ሪላክሰር (ፀጉር የሚያለሰልስ ኬሚካል) መቀባትና ጆሮ መብሳት በብዙ ቦታ የወላጅ ወይም የሶሻል ወርከር ፈቃድ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፌዴራል ሕግ አሳዳጊ በራሱ እንዲወስን የፈቀደው ልጁ በባህልና በማኅበራዊ ዝግጅት መሳተፉን የመሰለውን ነው። ፈቃዱን በቴክስት ወይም በኢሜል ጠይቁ፤ የቃል «እሺ» በኋላ ይካዳል።

ከሁሉ በፊት ግን ልጅቷን ጠይቁ፦ ማን ይሠራላት ነበር? ምን ትቀባ ነበር? ሲነካት ያማታል?

የተቋጠረ ፀጉር በደረቁ አይበጠርም፤ ይበጠሳል። ለአራት ከፍላችሁ ሦስቱን በማስያዣ ያዙ። አንዱን ውሃ እየረጫችሁ ኮንዲሽነር አጠግቡት፣ በጣት ፍቱት፣ ከዚያ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥሩ ውጡ። በጣም ከተያያዘ ሥራውን ለሁለት ቀን አካፍሉት። ለከርዳዳ ፀጉር በሳምንት አንዴ መታጠብ ይበቃል፤ በየቀኑ ሻምፑ ያደርቀዋል።

ሹሩባ ከተሠራች በኋላ ግንባሯና ጆሮ ግንዷ ላይ ትንንሽ እብጠት ከወጣ፣ ወይም ራሴን ካለች፣ ሹሩባው ከልክ በላይ ጠብቋል ማለት ነው። «ይለቃል» አትበሉ፤ በዚያው ቀን ፍቱት፣ አለዚያ ጠርዙ ይመለጣል። ከሦስት አራት ሳምንት በላይ አታቆዩት፤ ማታ ሳቲን ሻሽ ይታሰርላት። ቅቤ የለመደች ልጅ ዓርብ ማታ ተቀብታ እሑድ ብትታጠብ ከትምህርት ቤት ሽታ ትድናለች። ፎረፎር ካላት ግን ቅቤ ያባብሰዋል።

አፍሪካ አሜሪካዊት ከሆነች የእኛን ሹሩባ አትጫኑባት፤ የራሷ አሠራር አላት፣ የሚያውቅ ጎንጓኝ ፈልጉ። የአበሻ ልጅ ሆና ሹሩባ አልፈልግም ብትልም ያው ነው። «ባህሏን ጠላች» እያሉ መተከዝ የእኛ ችግር እንጂ የእሷ አይደለም።

ማተብና ሒጃብም እንዲሁ። አታውልቁ፣ አታስለብሱም፤ እምነት በአብዛኛው የወላጅ ጉዳይ ነው። ማተቡ ከተበጠሰ በፖስታ አድርጋችሁ ከልጁ ዕቃ ጋር አስቀምጡት፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ አብሮት ይሄዳል።