በደሴ ብርድ ጋፒ ማርባት

ጋፒ የምትባለውን ትንሽ የጌጥ ዓሣ የማረባበትን ገንዳ ያሠራሁት መስታወት ቤት ነው፤ 60 በ30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት። ሲሊኮኑ ሲቀባ እንደ አቼቶ የሚሰነፍጠው፣ ምንም ያልተጨመረበት ዓይነት ይሁን። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ መከላከያ አለው፤ ዓሣ ይገድላል። ከተለጠፈ በኋላ አንድ ሳምንት ደረቁን አቆየሁት። ሲሞላ 75 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ቡፌ ላይ አይቀመጥም፤ ከሥሩም ስስ ፎም ይነጠፍለታል።

ከታች 2 ሳንቲ ሜትር ፍግ ያልነካው አፈር፣ ከላዩ 4 ሳንቲ ሜትር አሸዋ አደረግሁ። ፍግ ያለበት አፈር ውሃውን ዓሣ በሚመርዝ አሞኒያ ይሞላዋል። አሸዋው በወንፊት ተነፍቶ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይታጠባል። አቼቶ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ካወጣ ኖራ ድንጋይ አለበት፤ ጋፒ ማዕድን የበዛበት ጠንካራ ውሃ ስለሚወድ ለእሱ ብዙም አያሳስብም። ቫሊስኔሪያ የሚባለውን ረጅም የውሃ ሣር ከኋላ ተከልሁ፤ ጃቫ ሞስ የሚባለውን ጥቅጥቅ ያለ የውሃ ተክል ደግሞ ድንጋይ ላይ በክር አሰርሁ። መብራቱ ለመጀመሪያው ወር በቀን 6 ሰዓት ብቻ፣ ኋላ 8። መስኮት ሥር ያለ ገንዳ ወዲያው በአልጌ ይወረራል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲተን ክዳን በሌለው ባልዲ አንድ ቀን ሙሉ ያድራል። ጀሪካን አፉ ጠባብ ስለሆነ አይረዳም። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ገንዳው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባዶውን ይሠራል፤ በየቀኑ ቁንጥር መኖ ይጣልበታል፣ መኖው ሲበሰብስ የሚወጣውን አሞኒያ የሚበሉት ባክቴሪያዎች በዚያ ይራባሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰኞ ሞልቶ ማክሰኞ ዓሣ ያስገባል፤ በሳምንቱ ዓሣዎቹ ላይ ላዩን አየር ሲምጉ ያገኛቸዋል።

አሁን ወደ ብርዱ። ጋፒ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የእኔ ሳሎን በታኅሣሥ ሌሊት 15 ይደርሳል። ለ45 ሊትር ውሃ 50 ዋት ሂተር ይበቃል የሚባለው ሞቃት ቤት ላላቸው ነው። እኔ 100 ዋት ተከልሁ፤ ጀርባውንና ሁለቱን ጎን በ2 ሳንቲ ሜትር ፎም ሸፈንሁ፣ ከላይ የመስታወት ክዳን ጨመርሁ። ውሃ ሲቀየር ሂተሩ ይነቀል፤ ጋለ ብሎ ከውሃ ከወጣ ይሰነጠቃል።

መብራት ሲጠፋ ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ካልመጣ 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ፣ ከድኜ፣ ገንዳው ውስጥ አንሳፍፋለሁ። አንድ ተኩል ሊትሩ ውሃውን 1 ዲግሪ ገደማ ያነሣዋል። ፊልተሬ፣ ማለትም የውሃ ማጣሪያዬ፣ ስፖንጅ የሆነው መብራት ስለሚጠፋ ነው፤ የተዘጋ ሣጥን ፊልተር ውስጥ ውሃው ሲቆም ባክቴሪያዎቹ በኦክስጅን እጦት ያልቃሉ፣ መብራቱ ሲመጣም የሞተውን ወደ ገንዳው ይተፋዋል። ስፖንጁን የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ነው፤ በቧንቧ ከታጠበ የስድስት ሳምንቱ ሥራ በክሎሪን ያልቃል።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በሁለት ወንድና በስድስት ሴት ተወሰንሁ። ለአንድ ወንድ ሦስት ሴት ካልሆነ ሴቲቱን እያሳደደ ያደክማታል።

ጋፒ እንቁላል አይጥልም፤ ጫጩቱን በሕይወት ይወልዳል። በ25 ዲግሪ 28 ቀን ገደማ ይወስዳል፣ ውሃው ሲበርድ ይዘገያል። የሴቷ ሆድ አራት ማዕዘን ሲመስል፣ ከጭራዋ በኩል ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ሲሰፋ ቀኗ ደርሷል። እናትየው የራሷን ልጅ ትበላለች፤ ሞሱ ካልጠቀጠቀ የሚተርፍ የለም። ጫጩቶቹን በጣት የደቀቀ መኖ በቀን አራት ጊዜ እሰጣለሁ። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳልም ይሆናል፤ በጨርቅ ተቋጥሮ ጠብ ጠብ ይደረጋል፣ ግን ከበዛ ውሃውን በአንድ ሌሊት ያገማዋል።

በአራተኛው ሳምንት የወንዶቹ የታችኛው ክንፍ ይሾላል፤ ያኔ ይለያሉ። ሴቷ የወንዱን ዘር ለወራት ስለምታቆይ ከሻጭ የመጣች ሴት ወንድ አብሯት ባይኖርም ልትወልድ ትችላለች፤ የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች አባት ይህ ነው ማለት አይቻልም።

ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ስሰጥ ከአንድ ቀን በፊት መኖ አቆማለሁ፤ ከረጢቱ አንድ ሦስተኛ ውሃ፣ ቀሪው አየር። ቁልቁል ሲወርድ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር ከረጢቱ ይሟሽሻል፤ የፈሰሰ መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ። ሲደርስ ሳይፈታ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ይንሳፈፍ።