ሚዛኑ፣ ጃቫ እና እኔ

ዛሬ ከአንድ የእህል ሚዛን ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ። ከጀርባው ባለ 9 ፒን ሲሪያል ፖርት (መረጃ ቢት በቢት በኬብል የሚያልፍበት መሰኪያ) አለው። ሥራው ቀላል ነው፤ የሚያሳየውን ኪሎ ኮምፒውተር ላይ ማምጣት። ፕሮግራሙን የጻፍኩት ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው።

ጃቫ አንዴ ከጻፍከኝ የትም እሠራለሁ ባይ ናት። የትም የምትሠራው ግን ማሽኑን በቀጥታ ስለማትነካ ነው። ፋይልና ኔትወርክ አብረዋት ይመጣሉ፤ ሲሪያል ፖርት የለም። ከሥር በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ የሚጠራ ላይብረሪ (ሌሎች አዘጋጅተው ያስቀመጡት ኮድ) መፈለግ የግድ ነው። ድሮ አርኤክስቲኤክስ በሚባለው ላይብረሪ ፋይሉን እዚህ ፎልደር ክተት፣ እዚያ ክተት ሲባል አበሳ ነበር። አሁን ጄሲሪያልኮም የሚባለው ላይብረሪ የዊንዶውሱንም የሊኑክሱንም በአንድ ጃር (የጃቫ ጥቅል ፋይል) ይዞ ይመጣል። ግልግል!

ቤት ዊንዶውስ ላይ፣ የፖርቱን ስም ኮም3 ብዬ ሞከርኩት፤ ፖርቱ ተከፈተ። መጋዘኑ ያለው ኮምፒውተር ግን ሊኑክስ ነው። ፖርቱ አልከፈት አለ። ኬብል ቀየርኩ፣ አዳፕተር ቀየርኩ። ሁለት ሰዓት! ለካ የገባሁበት የተጠቃሚ አካውንት ፖርቱን መጠቀም የተፈቀደላቸው ያሉበት፣ ዳያልአውት የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አልገባም። አስገባሁት፣ ወጥቼ እንደገና ገባሁ፤ ተከፈተ።

ከዚያ ደግሞ በቁጥር ፈንታ የጥያቄ ምልክትና ዝባዝንኬ መጣ። እኔ መረጃው የሚያልፍበትን ፍጥነት በሰከንድ 9600 ቢት አድርጌዋለሁ፤ ሚዛኑ የሚያወራው በ2400 ነው። ያንንም አስተካከልኩ።

ይሄን ሁሉ ጥበቃው ጋሼ ዳር ቆመው ያያሉ። በመጨረሻ ጠጋ አሉና መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሚዛኑን አዩ።

«47 ኪሎ ነው ልጄ። ጠዋት ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»